ፉንጊ ምን የሚሉት ከብት ነው?

ሴቶቻችን ወጥ የሚያጣፍጡት ሙያ ስላላቸው አይደለም፤ እኛ ወንዶቹ ስላልተወዳደርናቸው ነው!

ቆይ፣ ቆይ... ድንጋዩን መልሱት። እመቤቴ፣ አንቺም ማማሰያውን አስቀምጪ። ይቺን ነገር እኔ ራሴ አንዴ ጮክ ብዬ ተናግሬያት ያገኘሁትን አግኝቻለሁ፤ እናንተ የምትጨምሩበት የላችሁም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። የኔዋ ግን አፋፍ ላይ እንኳ አልቆመችም፤ ሚስቴን ይዛት በቀጥታ አባቷ ቤት ገባች።

ለማያውቀኝ ልንገረው። ሞላሌ ገበያው ዳር ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሽፈራው የሚባለው፣ እኔ ነኝ። ከቀየት እስከ ሞላሌ ሱሪ ለብሶ የሚሄድ ወንድ ሁሉ በኔ እጅ ያለፈ ነው... ሱሪው መንገድ ላይ የተተረተረበትም ጭምር። ቀን ሰፊ፣ ሲመሽ ጸሐፊ! ሁለቱንም ያስተማረኝ የለም። ስፌቱን የተማርኩት ያረጀ ኮት ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። የመጀመሪያው ኮት አንድ እጅጌ ተረፈው፤ ቢሆንም ገዢ አላጣም። ጽሕፈቱን ደግሞ ይኸው እናንተ ላይ እየተማርኩ ነው።

የወጥ ሙያዬማ ከሁሉም ይበልጣል! በጎረምሳነቴ፣ ጣርማበር ወዲያ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የአንድ ጣሊያን መሐንዲስ ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ወጥ ቤቱ ክፉ ሰው ነው፤ ማንንም ወደ ማድቤቱ አያስገባም። ምን ላርግ? በመስኮት ተማርኩ። መስኮቱ ደግሞ ድስቱ መፍላት ሲጀምር በእንፋሎት ይሸፈናል። ስለዚህ እኔ የማንኛውንም ምግብ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ መሐሉን በግምት ነው። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲሄድ ያረጀች የብረት መጥበሻ ጥሎ ነበርና እሷን አንስቼ መጣሁ። ሌላው ሰው ከካምፕ ገንዘብ ይዞ ወጣ፤ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ!

እንግዲህ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ባለቤቴ አስካለ የበግ ወጥ አቀረበችልኝ። በላሁ። ጠገብኩ። ጣቴን ላስኩ። ከዚያ... ያቺን መጀመሪያ ያነበባችኋትን ተናገርኩ።

አስካለ አልጮኸችም። ነጠላዋን አጣፋችና፣ «እንግዲያስ ተወዳደራ!» ብላኝ ወጣች።

አቤት ሴት ልጅ ሳትጮህ ስትሄድ! ብትጮህ እኮ ጎረቤት ይሰማል፣ ይገባል፣ ይገላግላል። ዝም ብላ ስትሄድ ግን የሚያስታርቅህ ግድግዳው ብቻ ነው። ሲመሽ ትመለሳለች አልኩ። መሸ። ሲነጋ ትመለሳለች አልኩ። ነጋ። እኔና በሶ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ከረምን። ሱሪ ሊያስለካኝ የመጣ ሁሉ ሜትሩን ትቶ ሆዴን ያያል፤ «ሽፈራው፣ ምነው ያንተ ሱሪ ሰፋ?» ይለኛል።

አማቴን ባላምባራስ ወልደየስን የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። በአንድ የድንበር ድንጋይ ነገር ሦስት ዳኛ በጡረታ ያሰናበቱ ሰው ናቸው! የሁለታችን የነፍስ አባት መምሬ ክፍሌ፣ «ፍልሰታ ሳይገባ ይታረቁ» ብለው ቢለምኗቸው እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ልጄን በሙያዋ ነው የነካት። በገዛ እጁ የሠራውን እንቅመስ። ከጣፈጠ የተናገረው እውነት ነው፤ ለእውነት ካሣ የለምና ልጄ ትመለሳለች። ካልጣፈጠ ግን ስድብ ነው፤ ንብረቱን ትካፈልና ትፍታው!»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? እሺ አልኩ። እሺ ማለት ብቻም አይደለም... ኮራሁ! «ባላምባራስ ቀበቷቸውን አላልተው ይምጡ በሏቸው» ብዬ ላክሁ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ አዘነችልኝና እንጀራውንና የበጉን ወጥ ሠራችልኝ። «አንተ ማባያ አንድ ነገር ጨምርበት፤ የሚፈረደው በሱ ይሆናል» አለችኝ። አስካለም ያን ቀን መጥታ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት፣ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጣ ፍርዷን ትጠባበቃለች። ሳል ስትል እሰማታለሁ። ሳሏ እንኳ ናፍቆኛል!

ማባያውን የሰጠኝ ሰማይ ነው። ሌሊቱን ሲያጓራ አድሮ ማለዳ ጉሙ ሲገለጥ ወደ ግጦሹ ሜዳ ወጣሁ። በበጎቹ መሐል፣ ሣሩ ላይ፣ ነጭ ነጭ ባርኔጣ ያጠለቀ እንጉዳይ ፈልቶላችኋል! የኛ አገር ሰው ይሄን ነገር የጅብ ጥላ ብሎ በእግሩ እየመታ ነው የሚያልፈው። ያ ጣሊያን ግን ሲያገኘው ቤተ ክርስቲያን እንደተሳለመ ሰው ይንበረከክለት ነበር። «ፉንጊ! ፉንጊ!» ይላል። የትኛው እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚገድል ሲለይ አብሬው ስለዞርኩ ይቺን እንኳ በግምት አይደለም የማውቃት። (እናንተ ግን ሳታውቁ እንዳትለቅሙ። አንባቢ እንደ ልብ አይገኝም።)

አንድ እንቅብ ሙሉ ለቀምኩ። ፈረንጁ አያጥበውም፤ በጨርቅ ይጠርገዋል። ጨርቅ ደግሞ በኔ ቤት! በቁርጥራጭ ካኪ አንድ በአንድ ጠርጌ፣ ከትፌ፣ የጋለችው መጥበሻ ላይ አፈሰስኩት። ጢስስስ አለ። ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቼ ባየው... መጥበሻው ኩሬ ሆኗል! ጠብታ ውሃ ሳልጨምር! ጣራው አፈሰሰ ብዬ ወደ ላይ አየሁ። አላፈሰሰም። ለካ መስኮቱ በእንፋሎት የሚሸፈነው እዚህ ላይ ነበር፤ መሐሉ ማለት ይሄ ነው! ውሃው እስኪመጥ ስቆላ፣ ስቆላ፣ እንቅብ ሙሉ የነበረው እንጉዳይ እየተኮማተረ ሄዶ ሄዶ ሁለት እፍኝ ሆነ። የቀረውን ማን በላው ብዬ ድመቷን ተቆጣኋት።

ከዚያ ቅቤው። አስካለ ከጓዳው ጥግ፣ አፉን በጨርቅ ሸብባ ያኖረችው የንጥር ቅቤ ቅል አለ። ፈታሁት። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው... እንባዬ መጣ። በማንኪያ ጀመርኩ። ማንኪያ አነሰብኝ፤ በጭልፋ ጨመርኩ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። ጫፍ ጫፉ ወርቅ መሰለ። ስቀምስ፣ ስቀምስ፣ ከሁለቱ እፍኝ አንደኛው ሳላስበው አለቀ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ባላምባራስ በርኖሳቸውን እንደለበሱ፣ መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ። የበጉን ወጥ ቀመሱ።

«ይሄ የማንጠግቦሽ እጅ ነው» አሉ ባላምባራስ። «ያንተስ?»

መጥበሻዬን ታቦት እንደሚያወጣ ሰው ከፍ አድርጌ አመጣሁና እንጀራው ጥግ ላይ ገለበጥኩት። ባላምባራስ አንድ ጎረሱ። ሁለተኛ ጎረሱ። መምሬም ተከተሉ። እጃቸው ከበጉ ወጥ ሸሽቶ ወደ ጥጉ ብቻ ይመላለስ ጀመር። ከአጥሩ ማዶ ሳሉ ቆመ። እኔ በሐሳቤ ሚስቴን እጇን ይዤ አስገብቼ፣ አልጋ አንጥፌ...

«ይሄ ለስላሳ ነገር ምን ሥጋ ነው? ኩላሊት ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«አይደለም ጌታዬ።»

«ጨጓራ?»

«ኧረ ጨጓራም አይደለም!»

አያችሁ፣ እዚህ ላይ «እንጉዳይ ነው» ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ግን ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አይደል? እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ፉንጊ ይባላል ጌታዬ!» አልኩ።

«ፉንጊ?» ባላምባራስ መምሬን አዩ። «ፉንጊ ምን የሚሉት ከብት ነው?»

የመምሬ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። «ለመሆኑ ማን ባርኮ አረደው?»

«አይ አባ! እሱ እኮ አይታረድም» አልኩ እየሳቅሁ። «ሜዳ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«ሜዳ ላይ?»

«አዎ፣ ማለዳ። በጎቹ መሐል።»

«ወድቆ?»

«ኧረ ገና ትኩስ ነው! ትል ሳይገባው ነው የደረስኩበት!»

ባላምባራስ ከመደቡ ሲነሱ በርኖሳቸው እንጀራውን ጠርጎ ወሰደው። «በክት! መምሬ፣ በክት አበላን! በሽምግልናዬ፣ በልጄ ባል ቤት፣ ጥንብ!»

«በስመ አብ! በስመ አብ!» ይላሉ መምሬ፤ ጉርሻውን የት እንደሚጥሉት ግራ ገብቷቸው መልሰው መሶቡ ላይ ያኖሩታል፣ ደግሞ ያነሱታል።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሥጋ አይደለም!» ብዬ በሩ ላይ ተጋረጥኩ። «እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው! የጅብ ጥላ ነው እኮ!»

እስቲ አሁን ከበክት ልውጣ ብሎ ሰው ወደ ጅብ ይገባል? ባላምባራስ ቀስ ብለው ሆዳቸውን ያዙ።

«የጅብ ጥላ... መርዙን?»

«መርዝ አይደለም፣ ይሄኛው...»

«ላም የማትነካውን! በግ ዞሮ የሚያልፈውን! ገደለኝ! ንብረቱን ላለማካፈል ዳኛውን ገደለ! ፌጦ አምጡ! ወተት አምጡ!»

መምሬ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ ብለዋል። «የሁላችሁ የነፍስ አባት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ «የኔ የነፍስ አባት ግን ያለው ቀየት ነው! ነፍሴ እስከ ቀየት ትቆየኛለች ወይ?»

በዚህ መሐል አስካለ እየሮጠች ገባች። አባቷ ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ፣ የነፍስ አባቷ ውዳሴ ማርያም ጀምረዋል፣ ባሏ መጥበሻ ታቅፎ ቆሟል። ዙሪያውን አየች። አሸተተች። ከዚያ ወደ መጥበሻው ጎንበስ አለች።

«ይሄ የኔ ቅቤ ነው?»

«አስካልዬ...»

«ለፍልሰታ ፍቺ ያኖርኩት ቅቤዬ ነው?»

«ልጄ!» አሉ አባቷ። «እኔ እየሞትኩ አንቺ ስለ ቅቤ ታወሪያለሽ?»

«ይቆዩኝ አባባ።» ወደኔ ዞረች። «አንተ ከዚህ በልተሃል?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ግማሹን እኔ ነኝ የጨረስኩት።»

«ታዲያ ይሄ ግማሹን በልቶ እንዲህ የሚለፈልፍ ከሆነ» አለች ለሽማግሌዎቹ፣ «እናንተ በሦስት ጉርሻ ምን ትሆናላችሁ?»

ባላምባራስ ማቃሰታቸውን ቆም አደረጉ። የሕግ ሰው ናቸውና ክርክሩ ገባቸው። አስካለ እንጀራ ቆርሳ መጥበሻው ሥር የቀረውን ጠርጋ ጎረሰች። «ተይ ልጄ!» ቢሏት አልሰማችም። አላመጠች። ቤቴ፣ ትዳሬ፣ እርጅናዬ ሁሉ እዚያ ጉንጭ ውስጥ ይዞራል...

«ይጣፍጣል» አለች። ከዚያ ጨመረችበት፦ «ጨው ግን ያንሰዋል።»

ያንሰዋል?! እኔ በዓይኔ ለክቼ የጨመርኩት? በጣሊያን መስኮት የተማርኩት? አፌ ተከፈተ። «ጨውማ...» አልኩ።

አስካለ ነጠላዋን ያዘች።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ። የሞላሌን ዳኛ ሱሪ እንኳ በልኩ ሰፍቻለሁ። እንደዚያች ቃል የከበደኝ ግን የለም።

«... ያንሰዋል» አልኩ።

ባላምባራስ ተመልሰው ተቀመጡ። ሆዳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ እንዳልሞቱ ሲያረጋግጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ፍርዱ። ጣፍጧል፤ ጨው ግን አንሶታል፤ ይህንንም ተከሳሹ በራሱ አፍ አምኗል። ስለዚህ ግማሽ እውነት፣ ግማሽ ስድብ ነው። ልጄ ትመለስ። ስለ ሙያው ብዬ አይደለም! ይሄን ሰው ብቻውን ብንተወው ነገ ደግሞ እንቁራሪት ጠብሶ አገር ይጠራል። ጠባቂ ያስፈልገዋል።»

ጉልበት ስሜ፣ ተመርቄ፣ ልሸኛቸው ወጣሁ። ባላምባራስ በቅሏቸው ላይ ሲወጡ መምሬ ክፍሌ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ግራ ቀኝ አዩ።

«ስማኝ ልጄ... ይሄ ያልከው ነገር፣ በውነት ሥጋ አይደለም?»

«አይደለም አባ። እንደ ጎመን ነው፤ ከመሬት የበቀለ።»

«እንግዲያስ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቅቤው ፈንታ በኑግ ዘይት ቢሆን... ለፍልሰታ አይሆንም ትላለህ?»

ደረቴ ተነፋ። ሊሆን እንደሚችል፣ ጣርማበር ላይ እንዴት እንደነበር፣ ዘይቱ ምን ያህል መጋል እንዳለበት ላስረዳ ስል፣ ከቤት ውስጥ ድምፅ መጣ፦

«ይሆናል አባ! ይምጡ! ሠሪዋ ግን እኔ ነኝ!»

ያን ጊዜ ዕርቁ መውረዱ ገባኝ። ሚስቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እኔ ከማጀት ተባረርኩ።