የጋሼ ፈርሀት ሚስኮል

መርካቶ ውስጥ አንድም ሚስኮል አድራጊ የሌለው ተራ ካለ፣ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ሚስኮል አድራጊ ለዓለሙ ሁሉ ይደውላል፤ ከማንም ጋር ግን አያወራም። የእኛ ተራ የተባረከው በክቡር ጋሼ ፈርሀት ነው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ካለው የጨርቅ ሱቄ ፊት ለፊት ገመድና ጆንያ ያከፋፍላሉ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። አስራ አምስት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ አንድም ቀን "ሄሎ" ሲሉበት አልሰማሁም።

ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ "ሰላም ነው፣ ደርሻለሁ" ነው። ሁለት ጊዜ ከጠራ "ደውልልኝ" ነው። ሦስት ከሆነ "የያዝከውን ጥለህ ና"። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠራብኝና ለደንበኛ የምለካውን ጨርቅ ከነመቀሱ ጥዬ ሮጥኩ። ጋሼ አንድ ጆንያ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

"ምንይሉ፣ ይሄ ቢጫ ነው ወይስ ብርቱካን?"

"ጋሼ፣ አምስት እርምጃ እኮ ነው ያለነው። ለምን ድምፅ አውጥተው አይጠሩኝም?"

"በሰው ላይ መጮህ ነውር ነው" አሉኝ።

"እባክዎ ይደውሉልኝ" የሚለው ነፃ መልእክት በቀን ልክ አለው። የጋሼ ግን ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንገታቸውን ወደ እኔ ሱቅ ሰገግ ያደርጉና "ያንተ ስንት ቀርቷል?" ይላሉ። የሚገባላቸውን መልእክት የማነብላቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ መነጽራቸው ሁልጊዜ ቤት ነዋ። አብዛኛው ማስታወቂያ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ደብዳቤ ነው የሚያዳምጡት። "ውድ ደንበኛችን" ብዬ ስጀምር ያስቆሙኛል።

"ድገመው እስቲ። ውድ አለኝ? ሚስቴ ፋኢዛ እንኳን ውድ ብላኝ አታውቅም።"

የእህታቸው ልጅ አንዴ በድምፅ መልእክት የሚላላኩበት ዘመናዊ ስልክ ገዝታ ሰጥታቸው ነበር። ሁለት ቀን በኪሳቸው ይዘውት ዞሩና መለሱላት። "ይሄ ያወራል። እኔ የምፈልገው የሚጮህ ነው" አሏት።

ሚስኮላቸውን በስህተት ያነሳሁባቸው ቀን ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። "ስልክ የሚነሳው ሰው ሲሞት ነው" አሉኝ በመጨረሻ። እየቀለዱ አልነበረም። የታላቅ ወንድማቸውን ሞት የሰሙት ለሰላምታ አንድ ጊዜ ሲያስጮሁለት፣ የማያውቁት ሰው ስልኩን አንስቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወዳቸው ሰው ሁሉ የእሳቸውን ስልክ አያነሳም።

ባለፈው ጥቅምት ባለቤታቸው እትዬ ፋኢዛ የሐሞት ጠጠር ሊወጣላቸው ሆስፒታል ገቡ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጡ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ስለነዘነዙ፣ ያባረሯቸው ራሳቸው በሽተኛዋ ናቸው። "ሂድ ሱቅህን ክፈት። ስነቃ አንድ ጊዜ አስጮኸዋለሁ። አንድ ከጮኸ ደህና ነኝ" አሏቸው። ከዚያም እትዬ ፋኢዛ የራሳቸውን ስልክ ለአንዲት ነርስ አስይዘው ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ።

ያን ቀን ጋሼ አንድ ሜትር ገመድ አልሸጡም። ስልኩን ጆንያ ላይ አስቀምጠው አፍጥጠውበት ዋሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ስምንት ሲል አልቻሉም፤ እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ ሊያስጮሁ ደወሉ።

ተነሳ።

"ሄሎ?" አለች ነርሷ። ምስኪን፣ የእኛን ሕግ የት ታውቃለች። ስልኩ ከጋሼ እጅ አመለጠ፤ ባትሪው እዚያ፣ ክዳኑ እዚህ ሆነ።

"አነሱት፣ ምንይሉ" አሉኝ። "አነሱት እኮ። ፋኢዛ የለችም።"

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሞተዋል ብዬ ነበር። አስራ አምስት ዓመት ስስቅበት የኖርኩትን ሕግ ለካ አምኜበት ኖሯል። ቁጥሩን በቃላቸው ነገሩኝ፣ በራሴ ስልክ ደወልኩ። ነርሷ "አሁን ነቅተዋል፣ ላገናኝዎት" ስትለኝ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፍኩላቸው።

"ሄሎ" አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

"ማን ልበል?" አሉ ጋሼ።

"ማን ልበል ትለኛለህ? ሚስትህ ነኛ።"

"አይደለሽም። የፋኢዛ ድምፅ እንዲህ አይቀጥንም።"

ምን ያድርጉ፣ ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረው አንድ ቀን በስልክ ተነጋግረው አያውቁም። የሚስታቸውን የስልክ ድምፅ ከየት ይወቁት።

"ፋኢዛ ከሆንሽ" አሉ፣ "ማታ አንድ ጊዜ ሳስጮህብሽ ምን ማለቴ ነው?"

ከወዲያ ማዶ ቀጭኑ ድምፅ መለሰ።

"ሱቅ ዘጋሁ፣ እራት አሙቂ ማለትህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ አስጮሃለሁ፣ ሰምቻለሁ ለማለት። አንተ ሰውዬ፣ ሆዴን ተቀድጄ ተኝቼ ትፈትነኛለህ?"

ጋሼ ጆንያው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ቀጥሎ ማውራት ጀመሩ። ስለ ድመቷ አወሩ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ አወሩ፣ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙትን ወሬ በሙሉ አወሩ። በመሀል ካርዴ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ስልኬን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

"ተበላሽቷል" አሉኝ። "አሠራው።"

እትዬ ፋኢዛ ድነው አማኑኤል ሰፈር ቤታቸው ገቡ፣ ጋሼም ወደ ሕጋቸው ተመለሱ። አመሻሽ ላይ ሱቅ ዘግተው ቤታቸው ሲደርሱ ለእኔም አንድ ጊዜ ያስጮሃሉ። "በሰላም ገባሁ" ነው። በፊት "ምን አገባኝ" እያልኩ አጠፋው ነበር። አሁን አብነት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ እጠብቀዋለሁ። የዘገዩ ዕለት እኔው አንድ ጊዜ አስጮህባቸዋለሁ፤ እንዳያነሱብኝ እየጸለይኩ።