አህያው ጆሮ እስኪያወጣ

(ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ነዳጅ ማደያ። ረፋድ ነው። የሚኒባሶቹ ሰልፍ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ ሄዷል። ሾፌሩ ገሜዳ የራሱን መኪና አቁሞ፣ ከኋላው በተሰለፈው በጓደኛው በዳንኤል ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጧል። በእጁ ኪሮሽና ግራጫ ክር ይዟል። ጭኑ ላይ ጥጥ የተጠቀጠቀበት አንድ ነገር አለ።)

ዳንኤል፦ ጅብ ነው!

ገሜዳ፦ አህያ ነው አልኩህ።

ዳንኤል፦ ገሜዳ፣ እኔ አህያ አላውቅም? እንጨት የጫነ አህያ በሞላበት በአጠና ተራ እኮ ነው ያደግሁት! ይኼ ጅብ ነው። ያውም ሰው ተሰብስቦ የደበደበው ጅብ።

ገሜዳ፦ ጆሮውን እየው እንጂ።

ዳንኤል፦ የትኛውን? አንዱ ትከሻው ላይ ደርሷል፣ አንዱ ገና ሊበቅል ነው።

ገሜዳ፦ አህያ ነገር ሲያዳምጥ አንዱን ያቆማል፣ አንዱን ይጥላል።

ዳንኤል፦ ምን ያዳምጣል፣ ሬዲዮ? ለመሆኑ ለማን ነው?

ገሜዳ፦ ለልጄ ለጸሎት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ልደቷ ነው። አራተኛው እግርና ጅራቱ ብቻ ናቸው የቀሩኝ።

ዳንኤል፦ ስንት ዓመት ሞላት?

ገሜዳ፦ (በኪሮሹ ክሩን እየሳበ) አሥራ ሰባት... አሥራ ስምንት...

ዳንኤል፦ ምን? የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በአሻንጉሊት? ስልክ ግዛላት እንጂ!

ገሜዳ፦ አሥራ ዘጠኝ...

ዳንኤል፦ ኧረ ቁም! ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቷን አሳደግካት!

ገሜዳ፦ ሃያ። ዙሩ ሞላ። እ? ምን አልከኝ?

ዳንኤል፦ የልጅህን ዕድሜ!

ገሜዳ፦ ስድስት።

ዳንኤል፦ (ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ) ታዲያ ለስድስት ዓመት ልጅ አንድ ድብ ነገር ገዝተህ አትገላገልም?

ገሜዳ፦ አምና ድብ ገዝቼላት ነበር። በሳምንቱ ሆዱ ተተረተረ። “አባዬ ሥራልኝ” አለችኝ።

ዳንኤል፦ (ጭኑን በጥፊ እየመታ) ያዝኩህ! ልጅቷ ያለችህ እኮ “ጠግንልኝ” ነው! አንተ “ሌላ ፍጠርልኝ” ያለችህ መስሎህ ዓመት ሙሉ ክር ይዘህ ተቀምጠሃል!

ገሜዳ፦ ድቡንማ የዚያኑ ዕለት ሰፋሁት።

ዳንኤል፦ እ?

ገሜዳ፦ ከዚያ “ብቻውን ነው፣ ጓደኛ ሥራለት” አለችኝ። ማን ይሁን ስላት አህያ አለች። ኪሮሹን ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ አስተማሩኝ።

ዳንኤል፦ አንተም እሺ ብለህ! የሰፈር ልጆች ኬክ ሊበሉ ተሰብስበው “አባትሽ ምን ሰጠሽ?” ሲሏት “አህያ” ልትል? እሱ ይቅር፣ ጺም ያወጣ ወንድ ኪሮሽ ይዞ ሰልፍ ላይ! ነገ ቀሚስ ስፋልን ይሉሃል።

ገሜዳ፦ አምና ኬኩ ሲቆረስ እኔ እዚሁ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ድቡን በሰው ነው የላክሁት። ትናንት ለእናቷ “አባዬ ዘንድሮም አይመጣም” ስትላት ሰማሁ።

(ዳንኤል አህያውን አንስቶ ያገላብጠዋል።)

ዳንኤል፦ ስማኝ። ፈረስ እናድርገው። ፈረስ ያኮራል። ጆሮውን ማሳጠር ብቻ ነው።

ገሜዳ፦ ትችላለህ እንዴ?

ዳንኤል፦ እናቴ የሶፋ ልብስ ስትሠራ ክር ያዧ እኔ ነበርኩ። የማላውቀው ነገር የለም። እየው፣ እዚች ጋ ሳብ ስታደርጋት...

(ይስባል። አጭሩ ጆሮ ይፈታል። ረጅሙም ይከተላል።)

ገሜዳ፦ ዳንኤል፣ ግንባሩም እየሄደ ነው።

ዳንኤል፦ አውቃለሁ! ሆን ብዬ ነው!

ገሜዳ፦ ዓይኑም ወደቀ።

ዳንኤል፦ አትጨቅጭቀኝ! መልሼ እሠራዋለሁ። ኪሮሹን አምጣ!

ገሜዳ፦ ፈረስ አድርገህ?

ዳንኤል፦ (ክሩን እያየ) በግራጫ ክር ምን ፈረስ ይወጣል? አህያ ነው የሚሆነው።

(ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። የፊተኞቹ መኪኖች ይንቀሳቀሳሉ።)

ገሜዳ፦ ሰልፉ ሄደ። መኪናዬን ላስጠጋ።

ዳንኤል፦ ሂድ፣ ሂድ። ስድስት... ሰባት...

ገሜዳ፦ አንተስ?

ዳንኤል፦ ቁጥር ታጠፋብኛለህ ሰውዬ!

(ገሜዳ ወርዶ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ በበሩ ብቅ ይላል።)

ገሜዳ፦ ዳንኤል፣ ከኋላህ የነበሩት እየቀደሙህ ነው።

ዳንኤል፦ ዘጠኝ...

ገሜዳ፦ ዘጠኝ ሆኑ? እኔ የቆጠርኳቸው አራት ናቸው።

ዳንኤል፦ አሥር...

ገሜዳ፦ ያንን የቆመውን ጭነት መኪናም ቆጠርከው ማለት ነው?

ዳንኤል፦ (ቀና ሳይል) ሰው ክላክስ ባያንባርቅ ኖሮ እስካሁን ጨርሼ ነበር! ና፣ ይችን ክር ወጠር አድርገህ ያዝልኝ። በቃ፣ ልቀቃት። አሁን ሂድልኝ!

(ገሜዳ ይሄዳል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ሲመለስ ዳንኤል አህያውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይጠብቀዋል።)

ዳንኤል፦ በል እይ! ጆሮ ማለት ይኼ ነው!

ገሜዳ፦ (ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ያያል) እኩል ናቸው።

ዳንኤል፦ እኩል ብቻ? ጫፋቸው ሾል፣ ውስጣቸው ጎድጎድ ብሏል። እግሩንም ጨርሼልሃለሁ።

ገሜዳ፦ ክር ያዥ ብቻ እንዲህ አይሠራም።

ዳንኤል፦ (ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የሶፋውን ልብስ ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሰፈር ልጆች በር ሲያንኳኩ አልጋ ሥር እገባ ነበር። ለሰው ብትናገር ግን...

ገሜዳ፦ አልናገርም። ተባረክ።

ዳንኤል፦ ቆይ ግን፣ ጭንቅላቱን ሙሉ ስተረትረው ለምን አልጮህክም?

ገሜዳ፦ እነዚያ ጆሮዎች አራት ቀን አስቸገሩኝ። ልፍታቸው ስል አንጀቴ አልቆርጥ አለ። ጅብ እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ።

ዳንኤል፦ ታውቃለህ?

ገሜዳ፦ ዓይን አለኝ እኮ። የራሴ መኪና እያለ ለምን አንተ ጋቢና የመጣሁ ይመስልሃል? አንተ የሰው ሥራ አይተህ እጅህን መሰብሰብ አትችልም።

(ዳንኤል ፊት ለፊቱን ያያል። መንገዱ ባዶ ነው።)

ዳንኤል፦ ሰልፉ የት ሄደ?

ገሜዳ፦ ቀድቶ ሄደ።

ዳንኤል፦ አንተስ?

ገሜዳ፦ ቀዳሁ። ስንቴ መጥቼ ነገርኩህ።

ዳንኤል፦ ቆይ፣ አሁን ልጠጋ!

ገሜዳ፦ አልቋል። መግቢያው ላይ ገመድ ወጥረዋል። ነገ ነው አሉ።

ዳንኤል፦ (ራሱን ይዞ) ወይኔ! ከንጋት ጀምሮ የተሰለፍኩት ሰውዬ!

ገሜዳ፦ ነገ ግን ከሁሉም አንደኛ ነህ።

ዳንኤል፦ ታላግጣለህ?

ገሜዳ፦ እውነቴን ነው፣ ከፊትህ ማንም የለም። በል ና ውረድ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። በእኔ መኪና ልደቱ ጋ እንሂድ።

ዳንኤል፦ መኪናዬን የትም ጥዬ?

ገሜዳ፦ የት ይሄዳል? ነዳጅ የለውም።

(ዳንኤል እያጉረመረመ በሩን ቆልፎ ይወርዳል። ሁለቱም የገሜዳ ሚኒባስ ውስጥ ይገባሉ። ገሜዳ ሞተር ያስነሳል።)

ገሜዳ፦ ጅራቱን ቤት ስንደርስ እኔ እቀጥልለታለሁ።

ዳንኤል፦ አንተ? እንደ ጆሮው ልታደርገው? ወዲህ በለው!

(አህያውን ነጥቆ ይጀምራል። የማደያው ተራ አስከባሪዎች ከማዶ ቆመው ያዩታል፤ አንዱ በጣቱ ይጠቁማል።)

ገሜዳ፦ መጋረጃውን ልዝጋልህ? እያዩህ ነው።

ዳንኤል፦ (ቀና ሳይል) ተወው። ብርሃን እፈልጋለሁ።