ጎመን መሸጥ ያቃተው የሊሙሩ ባላባት

ናይሮቢ ውስጥ ሐበሻ የሚሰበሰብበት ልደት ወይም እቁብ ካለ፣ መሀሉ ላይ ቢሮውን ጥሎ ገበሬ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የለም የሚል በደንብ አላየም። ኮቱ እንደማንም ኮት ነው፤ ጥፍሩ ግን ያሳብቅበታል። ሌላው ሰው ስለ መኪና ቀረጥና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ሲያወራ፣ እሱ የሰላጣውን ቅጠል በሹካ ጫፍ አንሥቶ ወደ መብራቱ ያያል፤ ከዚያም አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቅጠሉ ምን ምን መርዝ እንደተረጨበት ይነግረዋል። ሰውየው ሹካውን ያስቀምጣል። ገበሬው ግን የራሱን ሰላጣ ጥርግ አድርጎ ይጨርሳል፤ ይህ ለምን እንደሆነ እስካሁን የገባው የለም።

እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል። የሐሊና ችግር ሰውየው ባሏ መሆኑ ነው።

ክቡር ገበሬ ይድነቃቸው፣ ወዳጆቹ «ባላባቱ» የሚሉት፣ በአንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ ረጅም ዘመን የሠራ ሰው ነው። ሥራው ገበሬዎች ከትንሽ መሬት፣ ያለ ኬሚካል አምርተው እንዴት ኑሯቸውን እንደሚያሸንፉ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ስብሰባ ያልተቀመጠበት ሆቴል የለም። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ቆሞ ባልደረቦቹ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሲሯሯጡ፣ እሱ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሊሙሩ፣ ጭጋግ የማይለቀው ኮረብታ ላይ፣ ከአንድ ሽማግሌ ግማሽ ኤከር መሬት ተከራየ። ለሐሊና የነገራት ከተከራየ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የጻፈውን አንድ ጊዜ እንኳን በእጁ ሠርቶ ማየት እንደሚፈልግ፣ ሁለት ዓመት ብቻ እንድትታገሠው፣ ካልሆነም ወደ ቢሮ እንደሚመለስ አስረዳት። ሐሊና በአንድ አየር መንገድ ቢሮ የምትሠራ፣ ነገር በሰዓቱ ተነሥቶ በሰዓቱ ሲያርፍ ደስ የሚላት ሴት ናት። እሺ አለችው። ከዚያ ወዲህ ግራ ያልገባት ቀን የለም።

መጀመሪያ የመጣው ልጣጩ ነው። ኪሌሌሽዋ ሰፈር የሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ባላባቱ ባልዲ አንጠልጥሎ በየበሩ እያንኳኳ የድንች ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት ይለምን ጀመር። ለብስባሽ ነው፤ ብስባሹ ለአፈሩ ነው፤ አፈሩ ሕይወት አለው። ይህን ሁሉ ለጎረቤቶቹ በር ላይ ቆሞ ያስረዳል። አንድ ቀን የግቢው ዘበኛ ሐሊናን ጠጋ ብሎ፣ በታላቅ ትሕትና፣ ቤት ውስጥ ምግብ ቸግሮ ከሆነ የእሱ ቤተ ክርስቲያን በየወሩ ዱቄት እንደሚያድል ነገራት። ሐሊና አመስግና ወደ ቤቷ ገባች። እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረጋት።

ቀጥሎ አነጋገሩ ተለወጠ። ካሮቱ መቼ ይደርሳል ሲባል «አፈሩ ያውቃል» ይላል። ዘንድሮ ዝናቡ ይበዛል ወይ? አፈሩ ያውቃል። ዘመዶቿ መጥተው ስንት ቀን ይቀመጡ ይሆን ስትለው እንኳን፣ አፉ ለምዶበት፣ አፈሩ ያውቃል አላት። አንድ ቀን ተናዳ፣ እንግዲያውስ የቤት ኪራዩን ነገር ለአፈሩ ንገረው አለችው። እሱ ይህን እንደ ቁም ነገር ወስዶ ብዙ አሰበ፤ አፈር ግን አይቸኩልም አለ።

ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲወረው የአካባቢው ሰው ሁሉ መርጨት ጀመረ። ባላባቱ ግን እጁን አጣምሮ፣ ተባዩን የሚበሉት ቀያይ ጥንዚዛዎች ራሳቸው እስኪመጡ ጠበቀ። በዚያ ሰሞን እህል አልዋጥልህ አለው። አንድ ቀን ራት ላይ መሬቱን ያከራየው ሽማግሌ ደወለለትና፣ ፊቱ ፈክቶ «መጡ» ሲል፣ ሐሊና እንግዳ መስሏት ሳህን ጨመረች።

ጥንዚዛዎቹ ብቻቸውን የማይችሉት ተባይ ሲመጣ ደግሞ መድኃኒት በቤት ይቀመማል። ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል አንድ ላይ ተፈጭቶ፣ በጠርሙስ ታሽጎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከርማል። በዚህ መሀል የሐሊና የሥራ ባልደረባ ሔኖክ ምሳ ተጋብዞ መጣ። ጥብሱ ቀረበ፤ ሔኖክ ማባያ ሲፈልግ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ጠርሙሷን አገኘ። ሐሊና ከጓዳ ስትመለስ ግማሹን ጨርሶታል። ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ እንዲህ ያለ ዳጣ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ቀምሶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ አሠራሩን እንድታስተምረው ለመናት። ደግነቱ ሊረጭ ሲል የሚጨመርበት ሳሙና ገና አልገባበትም ነበር። ይድነቃቸው ቅር ያለው እንግዳው የተባይ መድኃኒት በመብላቱ አልነበረም፤ የቃሪያው መደብ ላይ የሚረጨው በማጣቱ ነው።

ሐሊናን ከሁሉ ይልቅ ያወዛገባት ግን ሌላ ነገር ነበር። እርሻው አማረ። ይህን ማንም አይክድም። የሐበሻ ጎመኑ ቅጠል እንደ ጆንያ ሰፊ ነው፤ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ጤና አዳሙ ሳይቀር እጅ በእጅ ይሄዳል። በናይሮቢ ሰፈሮች፣ ኪሊማኒም ኢስትሊም፣ የባላባቱን ጎመን ያልበላ ሐበሻ የለም፤ በጾም ሰሞን ስልኩ አያርፍም። ጎመኑ እንዲህ እያለቀ፣ ወደ ቤት የሚገባ ገንዘብ ግን የለም። በምትኩ ቤቱ በውስኪ ተሞላ። ባልና ሚስቱ ውስኪ አይጠጡም። ኬክ፣ በካርቶን የታሸገ ብስኩት፣ የሴት ሽቶ ሳይቀር፣ በየሳምንቱ ከሊሙሩ ይመጣል። ከየት ነው ስትለው፣ ሰዎች ይዘውልን መጡ ይላል። ሐሊና ቁምሳጥኑን ከፍታ ጠርሙሶቹን ታይና፣ ግማሽ ኤከር ጎመን እንዴት ውስኪ እንደሚያፈራ ማሰብ ያቅታታል።

ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል የድሮ አለቃው ደወለ። አዲስ ፕሮጀክት ተከፍቷል፤ ኃላፊ ይፈለጋል፤ ደሞዙ ከቀድሞው ይሻላል። ሥራው ገበሬዎች ከትንሽ መሬት፣ ያለ ኬሚካል አምርተው ኑሯቸውን እንዴት እንደሚያሸንፉ ማስተማር ነው። መልስ ሰኞ ይጠበቃል። ይድነቃቸው ይህን ሁሉ ለሐሊና ነገራትና፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ቃሌ ቃል ነው። ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ። አንቺ ወስኚ» አላት።

ሐሊና ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ሲደርስ ግን ተመለስ አላለችውም። ቅዳሜ እርሻውን እንደምታየው ብቻ ነገረችው። ከተከራየ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ረግጣው የምታውቀው።

ቅዳሜ ሲደርሱ ሽማግሌው አጥር ሥር መደቡን የሣር ጉዝጓዝ ያለብሳል፤ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም። ረፋድ ላይ መኪኖች ይመጡ ጀመር። ያኔ ሐሊና ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገባትን ነገር በዐይኗ አየችው። ደንበኛ ይመጣል፤ ይድነቃቸው ሮጦ አቅፎ ይስመዋል። የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃል፤ በቆሎ ይጠብስለታል፤ መደብ በመደብ ያስጎበኘዋል፤ በጆንያ ጎመን ሞልቶ መኪናው ላይ ይጭንለታል። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ሊከፍል ሲል ባላባቱ ፊቱ ይለዋወጣል። እቤቱ የመጣን እንግዳ እንዴት አድርጎ ያስከፍላል? ምን ነካህ፣ ወንድሜ አይደለህም እንዴ፣ በሞቴ፣ ይላል። እንግዳው እየተሳቀቀ ስልኩን ይመልሳል፤ ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለውና፣ በሚቀጥለው ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ውስኪው የበቀለው እዚህ ነው።

ይድነቃቸው በሪፖርቶቹ ውስጥ ስለ አፈርም ስለ ገበያም ጽፏል። ገበያው ቤትህ ድረስ በእንግድነት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን የጻፈው ነገር አልነበረም።

ሐሊና መናደድ ነበረባት። ሊሆንላት አልቻለም። ባሏ ጭቃ ጉልበቱ ድረስ ተለጥፎበት፣ ለአንዲት ሕፃን ትል በመዳፉ ይዞ እያሳየ ከልቡ ይስቃል። የቢሮውን ሰው አስታወሰችው፤ ማታ ገብቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥ የነበረውን። ከዚያ ሰው ጋር ስንት ዓመት ኖራለች። ሰኞ እሱን መልሳ ልታመጣው ነው? ደሞዙ ናፍቋታል፤ ይህን አትክድም። የቢሮው ሰው ግን አልናፈቃትም።

ይህን እያሰበች ሳለ ሔኖክ አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ኩለሱም ትባላለች፤ የሞያሌ ልጅ ናት፤ ኢስትሊ ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ሔኖክ ምሳ በበላ ቁጥር ጎመንሽ እንደ ሊሙሩው አይደለም እያለ ስላስቸገራት፣ እስቲ አሳየኝ ብላ መጥታ ነው። በቆሎም አልፈለገች፣ ጉብኝትም አልፈለገች። አንድ ቅጠል ቆረጠችና ትል የበሳውን ቀዳዳ ለባላባቱ በጣቷ አሳየችው። ባላባቱ ቀዳዳው መርዝ ላለመረጨቱ ምስክር እንደሆነ፣ ትል የናቀውን ሰው መብላት እንደሌለበት፣ ከብስባሹ ጀምሮ አስረዳ። ኩለሱም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ወንድሜ፣ ጎመኑ ተከትፎ ነው የሚቀርበው፤ ቀዳዳውን ማን ያየዋል? በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ይደርሰኛል ወይ? እሱን ንገረኝ።»

«አፈሩ ያውቃል» አላት።

«አፈሩን አልጠየቅሁም፤ አንተን ነው።»

ይድነቃቸው እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ዞር ዞር አለና፣ የለመደውን አደረገ፤ ጆንያ አንሥቶ ጎመን ሞላላት፣ ለቅምሻ ይሁንሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ፣ አላት። ኩለሱም ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ነጋዴ ነኝ። በነፃ ከወሰድሁ፣ ማክሰኞ ሳታደርስልኝ ስትቀር ምን ብዬ እቆጣሃለሁ?»

ባላባቱ አፉን ከፈተ፤ በሞቴ ሊል ነው። ሐሊና ከኋላው ዋጋ ጠራች። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ኩለሱም ፊቷን ወደ እሷ አዙራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ግማሹን ጠራች። ሐሊና ሳቀች። እንዲህ ያለ ጎመን ኢስትሊን ብትዞሪ አታገኚም፣ በቤታችን ልጣጭ ያደገ ነው፣ እኛ መድኃኒት አንረጭም፣ ትል እንኳን መርጦ ነው የሚበላልን፣ እያለች ወረደችባት። አንዷ ስትጨምር ሌላዋ ስትቀንስ ብዙ ቆዩ። ይድነቃቸው በመሀላቸው ቆሞ፣ ቃሪያው መሀል ፈረስ እንዳየ ሰው፣ አንዴ ወደዚያች አንዴ ወደዚህች ያያል። ሲስማሙ ኩለሱም ከፈለች፤ በቀጠሮው ካልደረሰ እንደምትቆጣም አስጠንቅቃ ጆንያዋን አስጫነች።

ሔኖክ ይህን ሁሉ አይቶ፣ በሰያፍ ወደ ባላባቱ እየተመለከተ፣ ስልኩን ቀስ ብሎ አወጣ። ባላባቱ ሚስቱን አያት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ካሮት በጥሞና ይመረምር ጀመር። ሔኖክ ሲከፍል ፊቱ በራ። ውስኪው ከጎመኑ ይበልጥ ይወደድበት እንደነበር፣ ግን ባላባቱ እንዳይቀየመው ፈርቶ እንደኖረ ለሐሊና ሹክ አላት።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ባልና ሚስቱ መደቡ ዳር ብቻቸውን ቀሩ። ሐሊና፣ እኛ አንረጭም ማለቷ አሁን ገና ትዝ አላት። እኛ ማን ነን? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ባልሽ ምን ይሠራል ሲላት ወሬ ስትለውጥ የኖረች ሴት ናት። ግራ ገባት፤ ግራ ገብቷት ግን ደስ አላት፤ እሱን ደግሞ፣ ካሮቱን እንደያዘ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሞ ስታየው፣ አንጀቷን በላው።

«ሐሊዬ፣ ታዲያ ሰኞ ምን ልበላቸው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማክሰኞ ሥራ እንዳለህ ንገራቸው።»