ኮማንደሩ ትጥቅ ሲፈታ

አስተያየቱ እንደ መድፉ ርቀት የሚለዋወጥ የፖሊስ አዛዥ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በጦርነቱ ሰሞን መርሳ ላይ ገጥሞኛል። ስለ ጦር መሣሪያ ረቂቅ አዋጅ ሊያወያየን አዳራሽ ሰብስቦን፣ «ፈቃድ የሌለው ሁሉ ትጥቁን ይፍታ! እኛ አለንላችሁ!» አለ። አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ?

ወዲያው በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ድም አለ። ኮማንደሩ ውሃ ተጎነጨና፣ «ፈቃዱ እንኳ ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለ። ሁለተኛው ቀረብ ብሎ ሲያገሳና የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ፣ «ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይዞ ይውጣ!» ብሎ ጮኸ።

ከግራና ከተማ የመጡት ሽማግሌ አያ ይመር ብድግ አሉ። «ኮማንደር፣ ወላሂ ግራ ገባን። እንፍታ ወይስ እንታጠቅ?»

ሦስተኛው ሲወድቅ ሁላችንም በጓሮ በር ተግተልትለን ወጣን። ኮማንደሩ ከአያ ይመር ጎን እየሮጠ፣ የዩኒፎርሙን ቀበቶ እየፈታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«አያ ይመር፣ ትርፍ ሽርጥ ይኖርዎታል?»

አዋጁ ሳይጸድቅ ትጥቁን የፈታ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ጠባቂያችን እኛን መስሎ ከመካከላችን ከተደበቀ፣ እኛስ ማንን መስለን የት እንደበቅ?