ወይዘሮ ዙበይዳ እና ሂደት ላይ ያለው ውሃ

ስብሰባ ባለበት ቦታ ሁሉ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። ሰብሳቢው «ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ የራበው ሰው በዓይኑ በሩን ሲፈልግ፣ ከወደኋላ አንዲት እጅ ብድግ ትላለች። ሰዉ እኩል «እፎይ» ሊል የነበረውን ትንፋሽ መልሶ ይውጣል። እጂቱ ግን አትወርድም። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። እኔ የማውቀው ግን የሁሉንም አለቃ ነው።

ክብርት ወይዘሮ ዙበይዳ ይባላሉ። ከኩታበር ዝቅ ብሎ ቆላው ውስጥ፣ መኪና ከስንት አንዴ በሚደርስባት ቀበሌ ይኖራሉ። ሲጠይቁ «እንደው ለማወቅ ያህል ነው» ብለው ይጀምራሉ። ይህን የሰማ ሰው መቀመጫውን ያመቻቻል፤ ቶሎ እንደማይለቁት ያውቃላ።

ክትባት ሊሰጥ የሄደ ባለሙያ፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በሽታውን ከጤናው በምን እንደሚለየው ሲያስረዳቸው መሽቶበት እዚያው አድሯል። ለጎረቤት ልጅ የመጡ ሽማግሌዎች ስለ ሙሽራው ጠባይ ጡት ከጣለበት ጊዜ ጀምሮ ተመርምረዋል። አንድ ቀን ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ አብረን ስንሄድ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድን ሳለ፣ መንገዱ ለምን እንዲህ እንደሚጠማዘዝ ሾፌሩን ጠየቁት። ሾፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ሊመልስላቸው ሞከረ። ተሳፋሪው በሙሉ ዱዓ ጀመረ።

እኔ በሽር ነኝ፤ ደሴ ላይ የገጠር ውሃ ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ እሠራለሁ። የወይዘሮ ዙበይዳ ቀበሌ የጉድጓድ ውሃ የሚያገኘው በናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። ናፍጣ ሲጠፋ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ገደሉን ይወርዱና ከወንዝ ይቀዳሉ። ጤና ኬላውም በዚያው ጄኔሬተር ነበር የሚበራው። በመጨረሻ ሞተሩ ነከሰና ጭራሽ ቆመ። በዚያ በጋ አንዲት ነፍሰ ጡር ውሃ እንዳዘለች ገደሉ ላይ ወድቃ ለጥቂት ተረፈች።

ወይዘሮ ዙበይዳ ቢሮዬ መጡ። ጉዳዩ ሂደት ላይ ነው አልኳቸው። ይህ መልስ ብዙ ባለጉዳይ ሸኝቶልኛል።

«ሂደቱ አሁን የት ደረሰ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ወደ በላይ አካል መሄዱን ነገርኳቸው። የበላይ አካሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚቀመጥ ጠየቁ። ከሄደ ለምን እንዳልተመለሰ፣ መንገድ ላይ የያዘው ነገር ይኖር እንደሆነ፣ እሳቸው ሄደው ቢያዩት ይቀየም እንደሆነ ጠየቁ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። በቀጣዩም መጡ። ለሰላሜ ስል ጉዳዩን ራሴ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ፤ በኋላም ለገጠር ውሃ የፀሐይ ኃይል የሚያስተክል አንድ ረጂ ድርጅት ተገኘ። ሳምሪ የምትባል የድርጅቱ መሐንዲስ ቀበሌውን ልታይ መጣች፤ እኔም አብሬያት ወረድኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሞላ ቀድሞ ተጨንቆ ነበር። እንግዳዋ በጥያቄ ተማርራ እንዳትሄድበት፣ ወይዘሮ ዙበይዳን ለአንድ ቀን ብቻ ዝም እንዲሉ ለምኗቸዋል። አሰቡበትና ቃል ገቡለት፤ ለዚያውም በወላሂ።

ሰዉ ጤና ኬላው ግቢ ተሰበሰበ። ሳምሪ ሶላሩ እንዴት ውሃውን እንደሚስብ አስረዳች። ጭብጨባው ቀለጠ። ጥያቄ ካለ አለች። ዝም። ደግማ ጠየቀች። ዝም። ወይዘሮ ዙበይዳ የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው መሬት መሬት ያያሉ።

ሳምሪ እስክሪብቶዋን ከደነች። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሌላ ቦታም ሰምታ እንደነበር ነገረችን። እዚያም ሁሉም አጨብጭቦ ሶላሩ ተተከለ፤ ሲበላሽ ግን የድርጅቱ ነው ተብሎ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ዛሬ በጎች ይጠለሉበታል።

«ሰዉ የኔ ነው ካላለው ፈርሜ አልሄድም» አለች። «ለሚቀጥለው ዓመት እንየው።»

የሚቀጥለው ዓመት ማለት ሌላ በጋ ሙሉ ገደሉን መውረድ ነው። ሞላ ወደ ወይዘሮ ዙበይዳ ዞር ብሎ «እናታችን፣ ይጠይቁ እንጂ» አላቸው።

«ምያለሁ» አሉ።

ሞላ እኔን አየ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ። ሳምሪ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ወይዘሮ ዙበይዳ ግን አልሳቁም፤ መሐላ ቀልድ አይደለም። ጥቂት ከራሳቸው ጋር ተማክረው፣ «ስለ መሐላዬ እጾማለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉና ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ነሐሴ ላይ ፀሐይ ስትደበቅ ውሃውም አብሮ ይደበቅ እንደሆነ፣ ፍየል ብትወጣበት ማን እንደሚጎዳ፣ እሷ ወይስ ሶላሩ፣ ድርጅቱ ሲሄድ ንብረቱ የማን እንደሚሆን፣ ሲበላሽ ለማን አቤት እንደሚባል ጠየቁ። ሳምሪ የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን አጣርታ እንደምትነግራቸው ቃል ገባች። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ ዙበይዳ ትንፋሽ ሊወስዱ ዝም ሲሉ ከሴቶቹ አንዷ ጠየቀች። ሌላዋ ቀጠለች። ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቅ ሴቶች፣ ሶላሩን ማን በየተራ እንደሚጠብቅ እዚያው መነጋገር ጀመሩ። ሳምሪ የፈረመችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

ወይዘሮ ዙበይዳ ጾማቸውን ጾሙ። ሶላሩ ተተከለ፤ ውሃው መጣ፤ ጤና ኬላውም በራ። እኔም ከእንግዲህ ተገላገልኩ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ባለፈው ወር አባቴ ሐርቡ ላይ ሞተ። ለቅሶ ተቀምጬ ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ቀና ስል ወይዘሮ ዙበይዳ የቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል።

«ደግሞ ምን ጎደለ?» አልኳቸው በደረቁ።

ምንም እንዳልጎደለ ነገሩኝ። የአባቴን መርዶ ኩታበር ገበያ ሰምተው ነው የመጡት። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ አላህ ይርሐመው አሉኝ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ አብሽር አሉኝ። ሰው ይህን ብሎ ጥቂት አቀርቅሮ ይሄዳል፤ ደግም አደረገ። እሳቸው ግን አልሄዱም።

«አባትህ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አሉኝ።

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ማሽላ ይዘራ እንደነበር ነገርኳቸው። ወፍ ሲጠብቅ ምን እያለ እንደሚጮህ ጠየቁኝ፤ አስታውሼ ነገርኳቸው። ሳቁ ድምፅ እንደነበረው ጠየቁኝ። አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ነበር የሚስቀው፤ ይህን ስነግራቸው እኔም ሳቅ አመለጠኝ፣ እንባም ተከተለው። በልጅነቴ በምን ስም ይጠራኝ እንደነበር ጠየቁኝ።

አንድ ባለጉዳይ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ትንሽ ቆይ አልኩት፤ ተነሥቼ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁና ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።