ንግሥት ቬሊናን ያሳመርኳት እኔ ነኝ

ዛሬ ከአራስ ቤት ተባርሬ ወጣሁ። ገንፎውን እንኳን ሳልጨርስ!

መሳቁን ቆይታችሁ ትስቃላችሁ፣ መጀመሪያ አስጨርሱኝ።

ጎረቤቴ አስቴር ሴት ልጅ ወለደች። እናቷ እትዬ አልማዝ ሊያርሷት ከጌጫ ሚዛን ድረስ መጡ። አራስ ደግሞ ቤት መዋል ይሰለቻታል አይደል? እኔ ደግ ሰው ነኝ፣ አንድ ሙሉ ሲዝን በፍላሽ አስጭኜ ከች! ዘንዶ አለ፣ ጠንቋይ አለ፣ ሁለት እህትማማቾች ለአንድ ዙፋን ይበላላሉ።

ሰብታይትል የለውም። ማን ይተርጉም? አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ!

እኔ ወደ አማርኛ። አስቴር ደግሞ ለእናቷ ወደ አገራቸው ቋንቋ፣ ወደ ሸኪ ኖኖ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሲዝኑ ወር ፈጀ።

ችግሩ፣ ታናሽየዋን ቬሊናን ወደድኳት። የቤተ መንግሥቱን ሽማግሌዎች ሰብስባ "ዝም በሉ!" ስትላቸው ራሴን አየሁ። በቃ፣ ደጋፊ ሆንኩ። ደጋፊ ሲተረጉም ደግሞ...

እሷ "አስወግዱት" ስትል እኔ "አሳርፉት፣ ደክሞታል።"

እህቷ "እባክሽ እንታረቅ" ስትል እኔ "ቆይ አሳይሻለሁ!"

ያልገባኝን እንግሊዝኛ ከራሴ ሞላሁት። ውሸቴ በሁለት ቋንቋ ተሰራጨ። እትዬ አልማዝ እጃቸውን ዘርግተው ቬሊና እንድትነግሥ ጸለዩላት። አሜን ያልኩት እኔ ነኝ!

አንድ ቀን ቬሊና የእህቷን ልጅ እያየች "ለጊዜው ይቆይ" አለች። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ?

"ከዙፋኑ ይልቅ ይሄ ልጅ ይበልጥብኛል!"

አስቴር ሕፃኗን ታቅፋ አለቀሰች።

ባለፈው እሁድ ሕፃኗ ቤተ ክርስቲያን ለጌታ ስትሰጥ ፓስተሩ ስሟን በማይክ ጠሩ።

ቬሊና።

እዚያ ጋ መናገር ነበረብኝ። ኬክ በላሁ።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነበር። ቬሊና ዘውድ የተጫነለትን የእህቷን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማር ታልሰዋለች። እትዬ አልማዝ "እሰይ! እሰይ!" ይላሉ።

ልጁ አረፋ ደፈቀ።

"ምን ሆነ?" አለች አስቴር።

"እ... ጉንፋን ይዞት ነው። መድኃኒት እየሰጠችው ነው።"

ልጁ ሞተ። ቬሊና ዘውዱን ከራሱ ላይ አንስታ ራሷ ደፋችው። በሉ እስቲ ይሄን ተርጉሙ!

እትዬ አልማዝ አማርኛቸው ትንሽ ነው። የሚበቃቸውን ያህል ግን አላቸው።

"ቤቲ ልጄ፣ ይቺ ሴት ክፉ ናት። አንቺ ታውቂ ነበር?"

አስቴር ቲቪውን አጠፋችው። "ያኔ 'ይበልጥብኛል' ያለችውስ? ብላለች?"

አንድ ማንኪያ ገንፎ ጎረስኩ።

"ቤቲ፣ እኔ እኮ የልጄን ስም ከፊልሙ አላወጣሁም። ካንቺ አፍ ነው የሰማሁት።"

እንዲህ ስትል አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ አልማዝ ማንኪያውን ቀስ ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ። "ሂጂ። አራሷ ትረፍ።"

በር ላይ ጫማዬን ስፈልግ ሕፃኗ አለቀሰች። እናትም አያትም "እሹሩሩ" አሏት። ስሟን ግን ማንም አልጠራም።

ሰዎች፣ እኔ የማላውቃትን ንግሥት ላሳምር ብዬ ነው ይሄ ሁሉ። እሷ እኮ መኖሬንም አታውቅም! አስቴር ግን ምጥ ሲይዛት መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነበር።

ነገ ይቅርታ ልጠይቅ እሄዳለሁ። ግን አሁን ትዝ አለኝ፤ ለእትዬ አልማዝ ይቅርታዬን ወደ ሸኪ ኖኖ የምትተረጉመው አስቴር ናት።

እሷስ የፈለገችውን ብትጨምርበት በምን አባቴ አውቃለሁ?