የአያ ደምለው የስእለት ጠላ

እኛ ዘንድ ሰው መጠጥ ሲጀምር ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም፤ ሲተው ግን ሰፈሩ ሁሉ መርማሪ ይሆናል። «ምነው? አሞሃል እንዴ? ወይስ ተቀይመኸናል?» ሲሰክር ጭቃ ላይ ትተውት ያለፉት ሰዎች፣ የተወ ዕለት እጁን ይዘው «አንድ ብቻ፣ በሞቴ!» ይሉታል። እናንተም ብላችኋል፤ አትዋሹ። እኔማ ስንት ጊዜ ብያለሁ።

ይህን ያነሣሁት በጣልያን ጊዜ ቁስቋም ጎረቤቴ የነበረውን አያ ደምለውን አስቤ ነው። ግንበኛ ነበር፤ ድንጋይ አንድ ጊዜ አገላብጦ አይቶ የትኛው ጎኑ ወደ ውጭ መዞር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው። ጣልያን በጎንደር ቤት ሲያቆም ወስዶ አሠራው፤ ከሥራው ቦታ አጠገብ ባለችው ካንቲን ደግሞ ኮኛክ አስለመደው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መዶሻው ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ጋቢው ሄደ፤ ክብሩም ተከተለው። ሚስቱ ትርንጎ፣ የመካነ ብርሃን ልጅ፣ ጓዟን ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና «አንድ ጊዜ ጸበል ልሞክርልህ። ከዚያ በኋላ ብትጠጣ ግን ልጄን ይዤ ወደ አባቴ አገር ነው» አለችው። ቋጠሮውን ሳትፈታ ጸበል ወሰድነው።

ሁለት ሱባዔ ከረምን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሲያስመልሰውና ሲያንቀጠቅጠው፣ አጠገቡ የነበርሁትን እኔን ብቻ ሳይሆን ነፍሷን ይማርና እናቴን ጭምር ሰደባት። ቻልሁት። ስንሰናበት የሚያጠምቁት መነኩሴ ጠሩን። «ጸበሉ ያለበትን አውጥቶለታል፤ ተመልሶ እንዳይገባ መጠበቅ ግን የናንተ ፋንታ ነው። ካንቲኑ ባለበት መንገድ አይለፍ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ብቻውን አይቀመጥ። ጥማቱ ሲነሣበት ሮጦ የሚሄድበት አንድ ሰው ይኑረው። ማነው ያ ሰው?»

አያ ደምለው በጣቱ እኔን አሳየ። መስቀላቸውን ስሜ ጠባቂው ሆንሁ።

አምስት ወር ሙሉ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እቤቴ እየመጣ የተቆላ ሽምብራ አብረን ስንቆረጥም አመሸን። አንዳንድ ቀን እየቆረጠመ ያልበዋል። ሚስቴ «ሰውዬው ከመጠጥ ሳይወጣ እኛ ከሽምብራ ወጣን!» እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን ትቆላለች። ቀስ በቀስ እጁ ጸና። የፈረሰውን የግቢውን ካብ መልሶ ካበው። አንድ ቀን «ዛሬ እኮ ጨርሶ አላሰኘኝም» ቢለኝ፣ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ትርንጎም በሩ አጠገብ የነበረውን ቋጠሮ ፈታችው።

ለካስ ትርንጎ ስእለት ነበረባት። ያን ጊዜ ጨንቋት ለቁስቋም ማርያም «ባሌን ከመጠጥ ብታወጪልኝ ለማኅበርሽ አንድ ጋን ጠላ» ብላ ተስላለች። እግዜር ያሳያችሁ! ሰውዬው ከመጠጥ ሲወጣ ምስጋናው በጋን። ግን ማን ሳቀ? ከዚህ ሌላ ምን ዓይነት ምስጋና እናውቃለን? ጋኑን ከጎረቤት ተሸክሜ ያመጣሁላት እኔው ራሴ ነኝ።

ወር በገባ በስድስት ማኅበሩ እቤታቸው ተሰበሰበ። ጸሎት ደረሰ። ትርንጎ ቀዳች፤ እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ዋንጫውን ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለአለቃችን፣ ሰጠች፤ ለሁላችንም አዳረሰች። እሳቸው ግን ዋንጫውን ይዘው ቀሩ። ሁለት ልጆቻቸው አርበኛ ሆነው ዱር ገብተዋል። ዘመኑ ደግሞ እገሌን ጎረቤቱ በመርዝ ገደለው የሚባልበት፣ ወንድም ወንድሙን ባንዳ ነው ብሎ የሚጠረጥርበት ክፉ ዘመን ነው። አያ ደምለው ደግሞ የጣልያንን ደመወዝ በልቷል፤ ካንቲናቸው ውስጥ ተቀምጦ አምሽቷል።

«ባለቤቱ ምነው አይቀምስም?» አሉ ሙሴው።

«ትቷል እኮ አባቴ! ድግሱስ ለዚሁ አይደል?» አለች ትርንጎ።

«መተዉስ ሸጋ። ግን እሱ የማይጠጣውን እኛ እንጠጣ?»

 ሁሉም ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ።

አያ ደምለው ያን ሁሉ ሰው ትቶ እኔን ብቻ ተመለከተ። «የዚህ ሰው ጠባቂ እኔ ነኝ፤ ስለ እሱ እኔ እቀምሳለሁ» ማለትና መጨለጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዋንጫው ጉልበቴ ላይ ነው። አምላኬን፣ አፌን ከፍቼ ነበር! ግን አንዲት ክፉ ሐሳብ ሽው አለችብኝ፤ ካንቲን ውስጥ ከማን ጋር ምን እንደተማከረ በምን አውቃለሁ? አምስት ወር ሽምብራ አብሬው የቆረጠምሁት ሰው! አፌን ገጠምሁና አቀረቀርሁ።

«እሺ» አለ አያ ደምለው።

መዳፉን ዘረጋ፤ ትርንጎ እንባዋ እየወረደ ጠብ አደረገችለት። መዳፉ ከከንፈሩ ቶሎ አልተነሣም። ሲያነሣው ዋንጫ አምጪ አላት።

ሙሴው «ይባርክህ!» ብለው ጨለጡ። ቤቱ ተነፈሰ፤ ሳቅና ጨዋታው ደራ። እኔም ሦስት ዋንጫ ጠጣሁ። ጠላው ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሽምብራውን አስቆልቼ ጠበቅሁት። አልመጣም። በካንቲኑ መንገድ ሲያልፍ ያዩት ሰዎች ነገሩኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሳምንት ሳይሞላ ትርንጎ ጓዟን ቋጠረች፤ በዚህ ጊዜ ግን በሩ አጠገብ አላስቀመጠችውም። ልጇን አዝላ ወደ መካነ ብርሃን ስትወጣ በደጄ አለፈች። ቀና ብላ አላየችኝም።

አያ ደምለውን በዚያው ክረምት፣ ራሱ ከካበው ካብ ሥር ሞቶ አገኘነው። እስከ ዛሬ ወሬው ሲነሣ የሰፈራችን ሰው «ምስኪን፣ ጸበሉ ሳይዝለት ቀረ» ይላል። እኔም ሲጠይቁኝ እንዲያው ነው የምለው። ጸበል እንደሁ አፍ አውጥቶ አይመሰክርብኝ።